«ቲቸር፣ ዜማ ላክልኝ» ለምትሉኝ ሁሉ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ታገሱኝ። የሚከፋው ሰው ካለ ኮሜንት ላይ ይምጣ፣ እንነጋገራለን።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። እዚሁ አዲስ ቅዳም ያስተማርኩት፣ በክበባችን አሮጌ ኪቦርድ ጣቱን ያፍታታ፣ አሁን ኮሌጅ የገባ ልጅ ነው።

«ቲቸር፣ ሃርሞኒ ጀምረናል። የምለማመድበት ዜማ አጣሁ። ፒዲኤፍ ካለህ በቴሌግራም ላክልኝ» አለኝ።

«ምን ዓይነት ዜማ ነው የምትፈልገው?»

«አጭር፣ ቀላል፣ ኮርድ ያልተጻፈበት።»

«እናትህ ደህና ናቸው?» አልኩት።

«ደህና ናት።»

«እህልም ሲያበጥሩ፣ ሕፃንም ሲያባብሉ ያንጎራጉራሉ?»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። «ቲቸር ቀልድህን ተው፤ የምሬን ነው።»

እኔም የምሬን ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቁ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ምክንያቱም እንዲስቅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ይሄ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በየዓመቱ ሶስት አራት ልጅ ይጠይቀኛል። ኮሌጅ የገባው፣ ሠርግ ቤት ኪቦርድ የሚነካው፣ ለራሱ በስልኩ የፒያኖ አፕ ጭኖ የሚታገለው። የእኔም መልስ ለዓመታት አንድ ነበር። ፍላሽ ላይ ያለችኝን ፋይል አወጣና እሰጣለሁ። ፋይሏ ውስጥ የቤትሆቨን የደስታ ዜማ አለ፣ የእንግሊዝ ልጆች ስለ ኮከብ የሚዘምሯት አለች፣ የፈረንጅ የገና መዝሙሮች አሉ፣ የባህ ኮራሎች አሉ። ለፋግታ ለኮማ ልጅ ይህንን ሰጥቼ «ሂድ፣ ባስ ሥራለት» እለው ነበር። ልጁም ይሠራል። ትክክል ይሁን ስህተት ግን አያውቅም፤ እኔን ይጠይቀኛል። እኔም መጽሐፉን እጠይቃለሁ። እንዲህ ሆነን ኖርን።

ሙዚቃ ላልተማራችሁ ወዳጆቼ ባጭሩ ላስረዳ። ሃርሞኒ ማለት አንድ ዜማ ብቻውን እንዳይሄድ ከሥሩና ከጎኑ ሌሎች ድምፆች ማስያዝ ነው። ልምምዱም ከባድ ነገር አይደለም። ባዶ ዜማ ትወስዳለህ፤ ባስ ትሠራለታለህ፤ መሐሉን ትሞላለህ፤ ታዳምጣለህ፤ የማያምረውን ትሰርዛለህ። ሥራው ያለው «ታዳምጣለህ» የሚለው ላይ ነው። የማታውቀውን ዜማ ብታበላሸው ማበላሸትህን በምን ታውቃለህ? የጎረቤትህን ልጅ ልብስ አጥብበህ ብትሰፋው ልጁን አይተህ ታውቃለህ። አይተኸው ለማታውቀው ሰው ብትሰፋ ግን የምታምነው ሜትሩን ብቻ ነው።

ስለዚህ ክርክሬ ይቺ ናት፦ ሃርሞኒ የምትለማመድበት ዜማ፣ ሲበላሽ የሚያምህ ዜማ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ዜማ ደግሞ ፒዲኤፍ ላይ የለም። እቤትህ ነው ያለው።

አሁን መልሳችሁን አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ሥልጠና ላይ ተቀምጬ፣ አሠልጣኙ «የእኛ ዜማ አምስት ድምፅ ስለሆነ ሃርሞኒ አይቀበልም፤ በውጭ ዜማ ብታስተምሩ ይሻላል» ሲል እኔም ጭንቅላቴን ነቅንቄ ማስታወሻ ይዣለሁ። ማስታወሻው ዛሬም አለ። ዛሬ እዚያው ገጽ ላይ መልስ ልጽፍበት ነው።

አንደኛ፣ «ኢትዮጵያዊ በአንድ ድምፅ ነው የሚዘፍነው» የሚለው ሐሰት ነው። ጋሞ ውስጥ የዶርዜ ሰዎች ኮንሰርቫቶሪ ሳይገቡ በተለያዩ ድምፆች ተደራርበው ይዘፍናሉ፤ የውጭ አገር ሰዎች ሳይቀሩ መጥተው ቀድተው በሸክላ አሳትመውታል። እምቢልታን እዩ፤ አንድ ሰው ብቻውን ነፍቶ ዜማ አይጨርስባትም፤ ሶስት ሰው የየራሱን ድምፅ እየሰጠ ነው አንድ ነገር የሚሆነው። እኛ አካባቢ እንኳ አውራጁ ሐረጉን ሳይጨርስ ተቀባዩ ሲገባበት ለቅጽበት ሁለት ድምፅ ይሰማል። ይሄ ሃርሞኒ ካልሆነ የሃርሞኒ በር ነው።

ሁለተኛ፣ አምስት ድምፅ ማለት ድህነት አይደለም። የሃንጋሪውን ባርቶክን አንሱ። በ1904 (እ.ኤ.አ.) አንዲት ሞግዚት ስታንጎራጉር ሰማና ጆሮው ቆመ። በ1906 ከጓደኛው ከኮዳይ ጋር ሆነው የገበሬ ዘፈኖችን በፒያኖ አጅበው አሳተሙ፤ 20 ዘፈን፣ አሥሩ የእሱ፣ አሥሩ የኮዳይ። ከሃንጋሪ ጥንታዊ የገበሬ ዜማዎች ብዙዎቹ እንደ እኛው ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ባርቶክ በኋላ የተከራከረው ደግሞ ከአሠልጣኛችን ተቃራኒውን ነው፦ ዜማው ጥቂት ድምፅ ሲኖረው በተለመደው የኮርድ ሰንሰለት አይታሰርም፤ አጃቢው የበለጠ ነጻነት ያገኛል።

ሶስተኛ፣ እዚሁ አገራችን ተሠርቷል። ሙላቱ አስታጥቄ የእኛን ቅኝቶች ከአሥራ ሁለቱ ድምፆች ሃርሞኒ ጋር አጋብቶ ኢትዮ ጃዝ ያለውን ለዓለም አስደምጧል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ የሠሩትን ዛሬ ዓለም ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። ግርማ ይፍራሸዋ አምባሰልን ለፒያኖ ሠርቶ መድረክ ላይ ይጫወታል። «አይቀበልም» የተባለው ዜማ እነዚህን ሰዎች ተቀብሏቸዋል።

አራተኛ፣ እንደ ታቦት የምናያቸው የባህ ኮራሎችስ? ከሞተ በኋላ ተሰብስበው 371 ሆነው ታትመዋል። ዜማዎቹ ግን አብዛኞቹ የእሱ አይደሉም። ምእመኑ እሑድ እሑድ በቃሉ የሚዘምራቸው ናቸው። እንዲያውም ስለ ክርስቶስ ሕማም ደጋግሞ የተጠቀመበት አንዱ ዜማ መጀመሪያ በ1601 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ የፍቅር ዘፈን ነበር! ባህ የሠራው የጎረቤቶቹን ዜማ ነው። እኛ ደግሞ የባህን ጎረቤቶች ዜማ እየሠራን «ባህን ተከተልን» እንላለን። ባህን መከተል ማለት ወደ ራስ ጎረቤት መሄድ ነበር።

እሺ፣ ወደ ኪቦርዱ እንምጣ። ወሬ ብቻ እንዳይሆንብኝ።

ትዝታ ሜጀርን ከዶ ስንጀምር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ከእነዚህ ከአምስቱ ሳትወጣ ሙሉ ባለ ሶስት ድምፅ ኮርድ ፈልግ። ሁለት ብቻ ታገኛለህ፦ ዶ-ሚ-ሶል እና ላ-ዶ-ሚ። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። እሱም ሁለት፦ ዶ-ሚ-ሶል እና ሚ-ሶል-ሲ። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ሁለት፦ ሬ ፍላት-ፋ-ላ ፍላት እና ፋ-ላ ፍላት-ዶ። ትዝታ ማይነርንም ባቲ ማይነርንም ራሳችሁ ሞክሩ፤ እነሱም ሁለት ሁለት ይወጣቸዋል። አንቺሆዬ ብቻ ለብቻው ጠማማ ነው፤ እሱን ለመጨረሻ አቆዩት።

አሁን ልጁ ምን ያደርጋል? ከመጽሐፉ የተማረውን ይዞ ይመጣል። «መጨረሻ ላይ የሶል ሰቨን ኮርድ መጥቶ ወደ ዶ ይመለሳል» ተብሏል። ሶል ሰቨን ማለት ሶል-ሲ-ሬ-ፋ ነው። ከአራቱ ሁለቱ፣ ሲ እና ፋ፣ ትዝታ ውስጥ የሉም! ትዝታውን ይጫወታል፣ መጨረሻው ላይ ሶል ሰቨን ይረግጣል፣ ዘፈኑ ወዲያው የፈረንጅ መዝሙር ይሆናል። ልጁ «የእኛ ዜማ ሃርሞኒ አይቀበልም» ብሎ ይደመድማል። ዜማው ምን አደረገ? ያልተጋበዘ እንግዳ ይዞ የገባው እሱ ነው።

አምባሰል ላይ ደግሞ የባሰ አለ። ዜማው ዶ ላይ ያርፋል፤ ልጁ ዶ-ሚ-ሶል ይመታል። ሚ ግን አምባሰል ውስጥ የለችም። ያ ሁሉ ሐዘን በአንዲት ሚ ድራሹ ይጠፋል። ዶ እና ሶልን ብቻ ይዞ መሐሉን ባዶ ቢተወው ምን ነበረበት? ባዶ መተውም ሃርሞኒ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። የትዝታ ሜጀርን አምስት ድምፆች በሌላ ቅደም ተከተል ደርድሯቸው፦ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ። ከአንዱ ወደ ሚቀጥለው ሽቅብ ስትሄድ ርቀቱ ሁሌም እኩል ነው፤ ሙዚቀኞች ፐርፌክት ፎርዝ የሚሉት። ማለትም ኮርድህን በዚህ ርቀት እየደረደርክ ከቅኝቱ ሳትወጣ መሥራት ትችላለህ። ሬ-ሶል-ዶ ምታ። ላ-ሬ-ሶል ምታ። ከዚያ ከላዩ ዜማህን ዝፈን። ይሄንን ለተማሪዎቼ ሳሳያቸው አንዷ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የእኛ ነው የሚመስለው!» ብላ ጮኸች። ሌላ ምን ልበላችሁ።

ይሄን ስል ግን ከአምስቱ መውጣት ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። «አሜዚንግ ግሬስ» የምትባለዋ መዝሙርም ባለ አምስት ድምፅ ናት፤ ሰው ሁሉ ውጪ ባሉ ድምፆች ያጅባታል፣ ታምራለች። ሙላቱም ወጥቷል። ልዩነቱ እያወቁ መውጣትና ሳያውቁ መውደቅ ነው። መጀመሪያ ቤቱን እወቅ፣ ከዚያ በሩን ክፈት።

«መምህር፣ ፈተናው ላይ የሚመጣው እኮ ኮራል ነው» የምትሉም አላችሁ። ልክ ናችሁ። ፈተናው እስኪቀየር ኮራሉንም ሥሩ፤ ባህን አትጥሉብኝ፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ለፈተና ብላችሁ ሰባት ቀን የሰው ዜማ ስትሠሩ አንድ ቀን የእናታችሁን ሥሩ። ጆሯችሁ የሚነቃው በዚያች ቀን ነው። የነቃ ጆሮ ለኮራሉም ይጠቅማል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የያሬድን ዜማ አውርዳችሁ ኮርድ አትለማመዱበት። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የራሳቸው ሥርዓትና የራሳቸው መምህራን አሏቸው። የሚፈልግ ሄዶ ከእነሱ እግር ሥር ይቀመጥ። የልምምድ ዜማ ማለት ብታበላሸው ማንንም የማታስቀይምበት፣ ነገ አስተካክለህ የምትመለስበት ነው።

እሱ ሞልቷል። የእንቁጣጣሽ የሴቶች ልጆች ዜማ አለ። የቡሄ የወንዶች አለ። የገና ጨዋታ አለ። እሹሩሩ አለ። የሠርግ አለ፣ የአውድማ አለ፣ የደቦ አለ። የእረኛ ዋሽንት አለ፤ ዋሽንቱ የሚቆረጥበት ቀርከሃ ራሱ ከእኛ ዞን ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሲወጡ የሚዜመው አለ። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአዊኛ ያለውን ቁጠሩት። እንዲያው ሌላው ሁሉ ቢጠፋ መናኸሪያ ሄዳችሁ ረዳቱ ዳንግላን፣ ባሕር ዳርን ሲጣራ ስሙት። ሁለት ሶስት ድምፅ ናት፤ ለመጀመሪያ ቀን የባስ ልምምድ ትበቃለች። እየቀለድኩ አይደለም፣ ክፍል ውስጥ ሠርተንበታል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ታስታውሳላችሁ። ያኔ ከዩቲዩብ ይለማመዱ የነበሩ ልጆቼ በሙሉ ቆሙ። «ቲቸር፣ ኔት ሲመጣ እንቀጥላለን» አሉኝ። ኔቱ ለወራት አልመጣም። ከመሐላቸው አንዱ ብቻ አላቆመም፤ ገጠር ወርዶ ከአያቱ ጋር ከረመ። ሲመለስ ደብተሩ ላይ አሥራ አንድ ዜማ በዶ-ሬ-ሚ ጽፎ መጣ። ግማሹ የተሳሳተ ነበር፤ ቁጭ ብለን አስተካከልነው። ከክበቡ በሙሉ በዚያ ዓመት ያደገው እሱ ነው። እኔ ለዚህ ልጅ ያስተማርኩት ነገር የለም። ያስተማረችው አያቱ ናት።

አሁን የራሴን ልናገር። ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነውና።

የእኔም አያት ታንጎራጉር ነበር። በአዊኛ። ገብስ ስትፈጭ የምትላት አንዲት ዜማ ነበረቻት፤ ሶስት ሐረግ ያላት። ልጅ ሆኜ በዚያች ዜማ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ከዚያ አደግሁ፣ ኮሌጅ ገባሁ፣ በሙዚቃ ዲፕሎማ ይዤ ተመለስኩ። ኖታ መጻፍ የሚችል፣ መቅረጫ ያለው ስልክ በኪሱ የያዘ የልጅ ልጅ ሆኜ ተመለስኩ ማለት ነው። እሷ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ እያንጎራጎረች፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ የፈረንጅ የገና መዝሙር ላይ ባስ እሠራ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን «ትንሽ ዝም በይልኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብያታለሁ። ዝም አለችልኝ።

ካረፈች ሶስት ዓመት ሆናት። ባለፈው ክረምት ያቺን ዜማ ልጽፋት ተቀመጥኩ። አንደኛው ሐረግ መጣ። ሁለተኛውም መጣ። ሶስተኛው የለም። አክስቴን ጠየቅኋት፤ ዘፈነችልኝ፣ ግን እኔ የማስታውሰው ያን አይደለም። ሌላዋን ጠየቅሁ፤ እሷ ደግሞ ሌላ አለች። ሁለቱ አክስቶቼ ተከራከሩ፣ ተሳሳቁ፣ በመጨረሻ አለቀሱ። ባሷን ሠርቼላታለሁ፤ እስከ ሁለተኛው ሐረግ ድረስ ታምራለች። ከዚያ በኋላ እጄ ኪቦርዱ ላይ ይቆማል።

ባርቶክ የማያውቃትን ሞግዚት ሰምቶ ብዕር አነሳ። እኔ አያቴን «ዝም በይልኝ» አልኩ። በሁለታችን መካከል ያለው ልዩነት የኮንሰርቫቶሪ ነው ብላችሁ አታጽናኑኝ። ኖታ መጻፍ እኔም እችል ነበር።

«ዲፕሎማ ይዘህ ስለ ሃርሞኒ ልታስተምረን ነው?» የሚለኝ ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎ፣ ዲፕሎማ ነው። ዲግሪ ያላችሁ፣ ማስተርስ ያላችሁ፣ እንግዲያው ከእኔ የተሻለ መቅዳት፣ ከእኔ የተሻለ መጻፍ ትችላላችሁ። በሩ ክፍት ነው፤ ኑና አሳፍሩኝ። እንዲህ ብታሳፍሩኝ ደስ ይለኛል።

ለቀድሞ ተማሪዎቼ ግን ልመና ሳይሆን የቤት ሥራ ነው፤ ቲቸርነቴ ገና አልተሻረም፦

1. በዚህ ወር ውስጥ አንድ ዜማ ቅዱ። ከእናት፣ ከአባት፣ ከአያት፣ ከጎረቤት፣ ከእረኛ። መጀመሪያ አስፈቅዱ። የማን እንደሆነ፣ የት እንደተቀዳ፣ መቼ እንደሚባል ጻፉ።

2. በዶ-ሬ-ሚ ጻፉት፤ ቅኝቱን ለዩ።

3. ባስ ብቻ ሥሩለት። መጀመሪያ ከአምስቱ ሳትወጡ፣ ከዚያ ሁለቱን ኮርዶች ጨምራችሁ፣ በመጨረሻ እንደ ፈለጋችሁ።

4. ለሰጣችሁ ሰው መልሳችሁ አጫውቱ። «ይሄ የእኔ ነው» ካሉ አልፋችኋል። ፊታቸውን ካጨማደዱ ድገሙት። ከእነሱ የበለጠ ፈታኝ አላውቅም።

ቅጂውን በቴሌግራም ላኩልኝ። እኔ ፋይል አደርገዋለሁ፤ ያቺን የድሮዋን ፍላሽ ዛሬ ባዶ አድርጌያታለሁ። ከእንግዲህ «ቲቸር፣ ዜማ ላክልኝ» የሚለኝ ልጅ ሲመጣ የምሰጠው የናንተን ነው።

ያ የደወለው ልጅም ትናንት ማታ መልሶ ደውሎ ነበር። ድምፁ ዝግ ብሏል። «ቲቸር፣ እናቴን ጠየቅኋት። ‹አሁን ይሄ ምን ያደርግልሃል?› ብላ ሳቀችብኝ። ግን ዘፈነችልኝ» አለ።

«ቀዳኸው?»

«ቀድቻለሁ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

ተባረክ፣ የኔ ልጅ። በል አሁን ባሱን ሥራ።